የኤንዜላ ጋን

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2019፣ ትብሊሲ፣ ጆርጂያ

ደረስኩ። ከአውሮፕላን ጣቢያ ያመጣኝ ባለታክሲ አፈ ጮሌ ነው። «ከሄድክ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ሲለኝ «ሃያ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው» አልኩት። በመስታወቱ አየኝና «ጋሼ፣ እኔ ሳልወለድ ነዋ! እንኳን ደህና መጣህ ልበልህ ወይስ መጀመሪያ እንተዋወቅ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

እኔ ስሄድ ይህ ከተማ ጨለማ ነበር። በሻማ እንበላ ነበር፣ ካፖርት ለብሰን እንተኛ ነበር። አሁን ወንዙ ላይ የመስታወት ድልድይ ዘርግተው እንደ ሠርግ አዳራሽ ያበሩታል። ለዳቦ በሌሊት በተሰለፍንበት መንገድ ላይ ሰው ውሻውን አቅፎ ኬክ ይበላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ቅናት ነው። ያለ እኔ እንዴት ደህና ሆኑ የሚል ቅናት።

ሶሎላኪ ሰፈር የሚገኘው የአክስቴ ግቢ ሆቴል ሆኗል። ክፍል የያዝኩት እዚያው ነው። ልብስ እናሰጣበት የነበረው የእንጨት ሰገነት ላይ አበባ ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ ያለችው ልጅ በእንግሊዝኛ ፓስፖርት ጠየቀችኝ። በራሳችን ቋንቋ ስመልስላት ደነገጠች። «ይቅርታ ጋሼ፣ የኛ ሰው እዚህ አያድርም ብዬ ነው።»

ወንድሜ ባድሪ ቅዳሜ እንደምመጣ ነው የሚያውቀው። አምስት ቀን ቀድሜ ገብቼ አልደወልኩለትም። ለምን እንዳልደወልኩ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

ዞርኩ። እግሬ ተላጠ። ስልኬ ሁለቴ ጮኸ፣ ባድሪ ነው። አላነሳሁም። ስለ ጋኑ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ይጻፍ እንግዲህ። ለማን ብዬ ነው የምደብቀው።

ኤንዜላ የወንድሜ አንድ ልጅ ናት። በተወለደች በዚያው መከር ባድሪ መሬት ውስጥ የተቀበረውን፣ ሺህ ሊትር የሚይዘውን ትልቁን ጋን በወይን ሞላው፤ ድንጋይ ከድኖ በጭቃ መረገውና አፈር መለሰበት። ለሠርጓ ቀን። አባባም ለኔና ለባድሪ እንዲሁ አድርጎልን ነበር። የባድሪ በሠርጉ ተከፈተ። የኔ፣ ሳላገባ ስቀር፣ በአባባ ቀብር ላይ ተጠጣ። እኔ አልነበርኩም፤ ወረቀቴ አላለቀም ብዬ ቀረሁ። ወረቀቴ አልቆ ነበር።

የኤንዜላ ጋን ባዶ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዲሴምበር 1993። መብራት የለ፣ ሥራ የለ፣ መንገዱን መሣሪያ የያዘ ሁሉ ነው የሚዘጋው። ወደ ቱርክ፣ ወደ ትራብዞን የሚሄድ የጭነት መኪና ነበረ። ሹፌሩ ኩፖን የሚባለውን የዚያን ጊዜ ገንዘባችንን አይቀበልም፤ በየኬላው ለቆሙት የሚሰጠው ወይን ነው የሚፈልገው። አንድ ሙሉ ጋን፣ ለአንድ ሰው ቦታ። ቤተሰቡ በሙሉ ቀብር ሄዶ ነበር። የማን ቀብር እንደሆነ አሁን ትዝ አይለኝም። ከእኩለ ቀን ጀምረን በጄሪካን ስንቀዳ ዋልን። ከዚያ ድንጋዩን መለስኩ፣ ጭቃውን መረግኩ፣ አፈሩን በእግሬ ደለደልኩ። እኔ ጎበዝ መራጊ ነኝ፤ ግሪክ፣ ተሰሎንቄ ውስጥም የምበላው በዚሁ ሙያ ነው።

አንድ ሰው አይቶኛል። ኦትያ። ከሱኩሚ ከተማ በጦርነት ተፈናቅሎ ከሚስቱ ጋር ጋን ቤታችን ውስጥ የተጠጋ ሰው። «ምንም አላየህም» አልኩት። «እንግዳ ነኝ፣ ምን አያለሁ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

እንግዲህ ኦገስት ላይ ባድሪ ደወለ። «ኤንዜላ ልታገባ ነው። ጋኑን ያላንተ አልከፍትም። አባባ የለ፣ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?» አልቅሶ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ እሱ የደስታ መሰለው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14፣ መንደር

ዛሬ የሠራሁትን ሰው አይሠራም።

ባድሪ የአባባን ጋን ቤት ለጎብኚ ከከፈተው ስምንት ዓመቱ ነው። ከትብሊሲ አደባባይ በየቀኑ አውቶቡስ ይነሳል፤ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እኔም ኮፍያዬን ግንባሬ ላይ ደፍቼ ቲኬት ቆረጥኩ። ለምን? ቀድሜ ጋኑን ልየው ብዬ ነው። ወይም ከጎብኚዎቹ ጋር ገብቼ ከጎብኚዎቹ ጋር ልወጣ፣ ከዚያ «በረራው ተሰረዘ» ብዬ ልደውል። ሁለቱንም አስቤ ነበር።

የምታስጎበኘው ራሷ ኤንዜላ ነበረች። በፎቶ ነው የማውቃት። የአባባ ቅንድብ አላት። ሰዉን ይዛ በመሬት ውስጥ በተቀበሩት ጋኖች አፍ መሃል ስትሄድ እኔ ከኋላ ነበርኩ። መጨረሻ ላይ በገመድ ወደታጠረች አንዲት የአፈር ጉብታ ወሰደችን።

«ይቺ ደግሞ የኔ ናት» አለች። «እኩያዬ ናት። እስካሁን ማንም አልቀመሳት፤ ኦክቶበር አሥራ ዘጠኝ ትከፈታለች።»

አንዲት ፖላንዳዊት «ሆምጣጤ ሆኖ ቢገኝስ?» አለቻት።

«ያኔ ለሁላችሁም ሰላጣ አለ!» ሰዉ ሳቀ። «አባቴ ጭቃውን በጣቱ እንኳ አይነካም። ጋሽ ኦትያ ነው በየሳምንቱ ውሃ የሚያጠጣው፤ እንዳይሰነጠቅ።»

ኦትያ በሕይወት መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደኔ ዞረች። «እርስዎስ ከየት ነዎት?»

«ከግሪክ።»

«አጎቴም እዚያ ነው! ዛሬ ማታ ይመጣል።»

«ደግ ሰው ይሆናል» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

«አላውቀውም» አለች። «በስልክ ደግ ነው።»

ይህን ስትል ባድሪ የዳቦ ቅርጫት ይዞ ገባ። ፀጉሩ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አይቶ አላለፈኝም። ቅርጫቱን መሬት ላይ ጥሎ «ኑክሪ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ የማትረባ! የአባትህን ቤት በቲኬት ትገባለህ?» አቅፎኝ ከመሬት አነሳኝ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ኤንዜላ በእጇ አፏን ይዛ ታየናለች። ሊያስደንቀን ብሎ ነው ብለው አሰቡ። ማታ በማዕድ ላይ አሥር ጊዜ ተወራ፤ በየጊዜው ሲሳቅ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15

ኦትያን አገኘሁት። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ አልቋል። እዚያችው ጉብታ ላይ ተንበርክኮ በጣሳ ውሃ ያንጠባጥባል። ቀና ብሎ አየኝ። «መጣህ» አለኝ። «መጣሁ» አልኩት። ወደ ውሃው ተመለሰ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ባድሪ አልጋውን ለቀቀልኝ፤ እሱ ሳሎን ይተኛል። እምቢ ብል ተቆጣ። ሚስቱ ላማራ ሸሚዜን ሁሉ ተኮሰችው። «ከሳህ፣ ልሙትልህ፣ ግሪኮች አያበሉም?» ትላለች።

ዛሬ ልናገር ነበር። ከምሳ በኋላ።

ከምሳ በኋላ እንግዳ መጣ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ለቀማ። ከንጋት ጀምሮ ወይን እርሻ ውስጥ፤ እጄ በሙሉ በጭማቂ ተጣብቋል፣ ንብ ነድፎኛል። ከባድሪ ጋር በአንድ ረድፍ ነበርን፣ እሱ በወዲያ እኔ በወዲህ፣ ቅጠሉ መሃላችን። ሲያወሩ ፊት የማይታይበት ጥሩ ቦታ ነው። «ባድሪ» አልኩ።

«ወዬ።»

«ስለ ጋኑ...»

«ጋኑ!» አለ። «ታውቃለህ፣ በዚያ ክረምት ላማራ ሸጠን ዱቄት እንግዛበት ብላኝ ነበር። ልጅቷ ርቧት እያለቀሰች። አልኩ፣ አይሆንም፤ እሱን ከሸጥን ምን ቀረን? አባባም አልነካውም። በበቆሎ ገንፎ ነው ያለፍነው።» መቀሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። «ምን ልትል ነበር?»

«ትልቅ ነው ልል ነው» አልኩ።

ርቧት እያለቀሰች። ይህን አላውቅም ነበር። ላውቅ እችል ነበር፤ እዚያው ቤት ነበርኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ኦትያን ለብቻው ጋን ቤት ውስጥ አገኘሁትና ለመንኩት። ካለፈው ዓመት ጋኖች ቀድተን የኤንዜላን እንሙላ፤ ሁለት ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ ባድሪ ከተማ በሚውልበት ቀን።

«ሃምሳ ስምንት ዓመትህ ነው አይደል?» አለኝ።

«ነው።»

«እና ዛሬም ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ቀን ነው የምትፈልገው?»

ፊቴ ጋለ። «ጋሽ ኦትያ፣ አንተስ? ባዶ መሆኑን እያወቅክ ለምን ታረጥበዋለህ?»

«ጭቃው ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ይከፍቱታል። ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ሌላ ምንም አልነበረውም።» ጣሳውን አስቀመጠ። «አንተ እስክትመለስ ብዬ ነው የጀመርኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ይፈጅብሃል ብዬ አላሰብኩም።»

«ንገርልኝ።»

«እኔ?» አለ። «ሚስቴ በዚያ ክረምት ስትሞት አባትህ ከራሱ እናት አጠገብ ነው ያስቀበራት። እኔ ለዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም። አንተ ተናገር። የቤቱ ልጅ አንተ ነህ።»

ስለ ሚስቱ ሲናገር ወደኔ አላየም። እኔም ወደሱ አላየሁም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

ወጥ ቤት በር ላይ የሰማሁት።

ላማራ፦ «ባድሪዬ፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ተበላሽቶ ቢገኝስ? ብዙ ዘመን ነው እኮ።»

ባድሪ፦ «ከተበላሸ ጭቃው ነው። ጭቃው ደግሞ በኦትያ እጅ ነው።»

ላማራ፦ «እንዳታስቀይመው በሞቴ!»

በእጄ የተፈለፈለ ለውዝ ይዤ ነበር፤ ሳልገባ ተመለስኩ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ደስ አለኝ። ለአፍታ ያህል ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ሌላ የሚወቀስ ሰው አለ ብዬ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ። ላማራ ለውዙ ነው ብላ ሻይ አፈላችልኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ነገ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል። በጎቹ ታርደዋል። ኤንዜላ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ «አጎቴ፣ እየኝ» አለችኝ። አየኋት። ዛሬ እነግራቸዋለሁ።

አልነገርኳቸውም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ትናንት ረፋድ ላይ ከሃምሳ የማያንስ ሰው ጋን ቤት ገባ። የሙሽራው አባት ጂምሸር ከፊት፣ የመጠጫ ቀንድ ይዞ። ባድሪ ነጭ ሸሚዙን ጠቅልሎ አፈሩን በአካፋ አነሳ፣ ጭቃውን በቢላ ቆረጠ። ጭቃው እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ምንም ስንጥቅ የሌለበት ነበር። «እጅህ ይባረክ ኦትያ!» አለ። ከዚያ ድንጋዩን ሁለት ሆነው አነሱት።

የወጣው ሽታ የወይን አልነበረም። የሻገተ ምድር ቤት ሽታ ነው። ባድሪ ረጅሙን መቅጃ ሰደደው። ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ሸክላውን መታ። ደረቅ ድምፅ። እንደገና መታ።

ጂምሸር ነገሩን ለማቅለል ብሎ «ጋኑ ራሱ ጠጥቶታል በሉኛ!» አለ። ማንም አልሳቀም።

ባድሪ ቀስ ብሎ ወደ ኦትያ ዞረ። «ያን ክረምት እዚህ የተኛኸው አንተ ነህ» አለው። የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ድምፁን እንኳ አልጨመረም።

ኦትያ እጁን በባልዲው ታጠበ፣ ሽርጡን ፈታ፣ የጋን ቤቱን ቁልፍ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

እኔም ተነስቼ ተናገርኩ።

ውሸት ነው። ወዲያው አልተናገርኩም። ኦትያ በሩን ወጥቶ፣ ጓሮውን አቋርጦ፣ ለውዝ ዛፉ ድረስ ሲሄድ በመስኮት እያየሁት ቆሜ ነበር። ጉልበቱን እየሳበ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ኤንዜላ «አባዬ፣ ጋሽ ኦትያ አይወስድም! አይወስድም እኮ!» እያለች ቀሚሷን ሰብስባ ልትሮጥ ስትል ነው አፌ የተከፈተው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለመኪናው። ልሄድ ብዬ።»

ባድሪ ወደኔ ዞረ። «ልጄ በቆሎ እየበላች...» አለና ተወው። «እኔ ሰዉን ሁሉ ባዶ ጋን ሳሳይ ኖርኩ?» ከዚያ መቅጃውን ጣለና ሮጠ። በሠርግ ሱሪው ለውዝ ዛፉ ሥር ኦትያ እግር ላይ ሲወድቅ ሁሉም አየ። ኦትያ ሊያነሳው ሲታገል ሁለቱም ወደቁ።

ሠርጉ ተሠረገ። ከሌላ ጋን ተጠጣ። ኦትያን በባድሪና በጂምሸር መሃል አስቀመጡት። በየተራው እየመረቀ ጽዋ የሚያስነሳው ሰው ለወንድምና ለእህት የሚጠጣበት ተራ ሲደርስ ዓይኑን ከኔ ላይ አሽሽቶ «ለወንድሞች» አለ። ሁሉም ቆመ። ባድሪም ቆመ፤ ጠጣ፤ አላየኝም። እኔም ጠጣሁ። ከዚያ የመረረ ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

የአውሮፕላኔ ቀን ዛሬ ነበር። ቦርሳዬን አስሬ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ አለፈ። ባድሪ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ጨው ሲፈልግ እንኳ ላማራን ነው የሚጠይቀው፤ ጨው እኔ አጠገብ ሆኖ።

ኤንዜላ አይብ ዳቦ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እኔ የተናደድኩት ስለ ወይኑ አይደለም» አለች። «ጋሽ ኦትያ እስኪወጣ ስላየኸው ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ «ኤፕሪል ላይ እወልዳለሁ። ለአባዬ ገና አልነገርኩትም። ያ ጋን ለሚመጣው መከር መታጠብ አለበት። ጋሽ ኦትያ ጉልበት የለውም።» ዳቦውን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ገባች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ጋኑን አጠብኩት።

ሌሊቱን ከፍተነው እንዲናፈስ አሳደርነው። ጠዋት ኦትያ ገመዱን ወገቤ ላይ አሰረ። ከቼሪ ዛፍ ቅርፊት የተሠራውን ብሩሽና ኖራውን ሰጠኝ። «እዚያ ታች መጥፎ አየር አለ፤ ሳይታወቅህ ያስተኛሃል። ስለዚህ አጣቢ ይዘፍናል። ዝም ካልክ ሞተ ብዬ ነው የምጎትትህ።»

«ዘፈን አላውቅም።»

«ድሮም አታውቅም። እንግዲያው አውራ።»

ወረድኩ። ጠባብ አፉን ካለፍኩ በኋላ ቦታ አለው፤ ሰው ቆሞ ይዞራል። ባትሪ በገመድ አወረደልኝ። ሻጋታው ግድግዳውን እንደ ሱፍ ሸፍኖታል። ማሸት ጀመርኩና ማውራት ጀመርኩ። ስለ ተሰሎንቄ አወራሁ፣ ስለ ባለታክሲው አወራሁ። አለቀብኝ። ከዚያ የቀረኝን ወሬ ያዝኩ። ዲሴምበር ነው አልኩ። ሹፌሩ የመጣው በእኩለ ቀን ነው። ሃምሳ ጄሪካን ነው። ቤቱ ባዶ ነበር፣ ሁሉም ቀብር ሄዶ ነበር።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ብሩሹም ቆመ።

ከላይ ብርሃኑ ጠበበ፤ ሌላ ራስ በኦትያ ራስ አጠገብ ብቅ አለ። ፊቱ አይታይም። ትንፋሹን ግን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ አልጋ ስንተኛ የሰማሁት ነው።

«ድምፅህ ጠፋ» አለ ባድሪ። «ተናገር።»

ከቅዳሜ ወዲህ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

ተናገርኩ። በዚህ ደብተር ላይ የማን ቀብር እንደሆነ ትዝ አይለኝም ብዬ ጽፌአለሁ። ትዝ ይለኛል። የኦትያ ሚስት ቀብር ነው። ኦትያ ከመቃብሩ ተመልሶ የመጣው እንደ ልማዳችን መቃብሯ ላይ የሚፈሰውን ወይን ረስተው ነው። ማሰሮ ይዞ በር ላይ ቆመ። እኔ ፈጥኜ ማሰሮውን ከእጁ ተቀበልኩና ከኤንዜላ ጋን ቀዳሁለት። አፉን ልዘጋበት ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ ብትናገር አንተም አለህበት ማለቴ ነው፤ በቃል አላልኩትም፣ ግን ገብቶታል። ሚስቱን በተሰረቀ ወይን አስቀበርኩት። ይህን ሁሉ ለሸክላው ግድግዳ ነገርኩት። ድምፄ ጋኑ ውስጥ ዞሮ ጆሮዬን ሞላው።

ከላይ ብርሃኑ አልተንቀሳቀሰም። ገመዱ ወገቤ ላይ ጠበቅ አለ፤ ሊያወጡኝ መሰለኝ።

«ከታች በስተግራ ቀርቶሃል» አለ ኦትያ። «እሸው።»